ዓሣ ነው፣ ተወው

ከቅዳሜ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እስራኤል ውስጥ፣ ኤይላት ከተማ፣ ቀይ ባሕር ዳርቻ ነበርን፣ እኔና ልጄ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ውሃው ጉልበቴ ጋ እንኳ ባልደረሰበት ቦታ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ከአናቱ እስከ ጭራው ነጭና ጥቁር ቀለበት የተደረደረበት ነገር አሸዋው ላይ ሲሳብ አየሁ። "እባብ!" ብዬ ጮህኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በዕብራይስጥ። ልጄን ጎትቼ አወጣኋት። አንድ ሰውዬ ጩኸቴን ሰምቶ ድንጋይ ይዞ እየሮጠ መጣ።

ልጄ ግን እጄን አስለቀቀችኝ። "እማዬ፣ ጭራውን እዪው፣ ሹል ነው!" ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞራ "ዓሣ ነው፣ ተወው" አለችው።

እውነትም ዓሣ ነው። የሳይንስ ስሙ ሚሪክቲስ ኮሉብሪኑስ ይባላል፤ ኔዘርላንዳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቦዳርት እ.ኤ.አ. በ1781 የመዘገበው ነው። እስከ 1 ሜትር ገደማ ያድጋል። መርዝ የለውም። የሚመስለው እባብ ደግሞ ላቲካውዳ ኮሉብሪና ነው፤ ያኛው መርዙ ሰው ይገድላል፣ ጭራው እንደ መቅዘፊያ ዝርግ ነው፣ ለመተንፈስም ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ስማቸው ውስጥ ያለው ቃል በላቲን "እባብ መሰል" ማለት ነው።

እናቴ "እባብ ያየ በልጥ በረየ" ትል ነበር። ይህ ዓሣ የሚኖረው በዚሁ ተረት ነው። ትልልቆቹ ዓሦች ቀለበቱን አይተው እንዲርቁት ነው እንዲህ የለበሰው ይላሉ የሚያጠኑት ሰዎች። በጣም የገረመኝ ግን ያ ባለ ቀለበት እባብ ቀይ ባሕር ውስጥ አይኖርም! አገሩ ወደ ምሥራቅ፣ እነ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ አካባቢ ነው። ዓሣው ግን እዚህ እኛ ጋ ብቻውን ያንኑ ልብስ ለብሶ ይዞራል። እሺ፣ ዓሣ ከእባብ ይሸሻል። ሰው ግን ድንጋይ ያነሳል፤ ያንን ድንጋይ ያስነሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የልጄን የውሃ መነጽር አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ቅርፊት የለውም። ጀርባው ላይ ስስ ክንፍ እንደ ጥብጣብ ይርገበገባል። ከላይኛው ከንፈሩ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ወደ ታች ወርደዋል፣ አፍንጫው ናቸው። በእነሱ እያሸተተ አንዱን ጉድጓድ ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሸርጣን ፍለጋ። አልቸኮለም። እኛን ከቁም ነገር የቆጠረንም አይመስለኝም፣ ሰውዬው አንድ እርምጃ እስኪጠጋ ድረስ።

ያኔ ቆመ። ሹሉን ጭራ አሸዋው ውስጥ ሰካና ወደ ኋላው መግባት ጀመረ፣ አንድ ቀለበት፣ ሌላ ቀለበት፣ እየተሳበ ሳይሆን እየተዋጠ። በመጨረሻ አናቱ ብቻ ቀረ። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ታያለች። ከዚያ እሱም ገባ፣ አሸዋው ተመልሶ ገጠመ።

ሰውዬው ድንጋዩን ገና አልጣለም ነበር።