ቅዳሜ በማውንት ኤሪ

የጭነት መኪናዬ ጎማ ዛሬ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይናዋ ማውንት ኤሪ ከተማ ተንፍሶብኝ ሲጠገን፣ አዛውንቱ ጎሚስታ ከራዲዮው የባንጆ (ክራር መሰል ባለ አውታር መሣሪያ) ድምፅ ሲሰሙ መፍቻውን አስቀመጡና በቅባት የጠቆረ ጣታቸውን ወደ ራዲዮው እየቀሰሩ «ይህ የሚጫወተው ጎረቤቴ ነው» አሉኝ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ጣቢያው ደብሊው ፒ ኤ ኪው ይባላል፤ ራልፍ ኤፐርሰን በ1948 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ነው። ለካንትሪ ሙዚቃ ሥር የሆነውን የተራራማውን አካባቢ ሙዚቃና ብሉግራስ የተባለውን፣ በባንጆና በቫዮሊን የሚጫወቱትን ፈጣን የገጠር ሙዚቃ ያሰማል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም «ሜሪ ጎ ራውንድ» በተሰኘው ዝግጅቱ የአካባቢው ሰው ባንጆውንና ቫዮሊኑን ይዞ መጥቶ በቀጥታ ስርጭት ይጫወታል። ኤፐርሰን በ2006 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም ልማዱ አልተቋረጠም። ብዙ ጣቢያዎች ከሩቅ ከተማ የተላከላቸውን አንድ ዓይነት ዘፈን በሚደጋግሙበት አገር ይህ ጣቢያውን እጅግ ያስከብረዋል፤ የእኛ ትንንሽ ከተሞችም የራሳቸውን ማሲንቆ ተጫዋቾች በስማቸው እየጠራ የሚያሰማ እንዲህ ያለ ጣቢያ እንዲኖራቸው ከልቤ እመኛለሁ።