ቦንሳይና ኮይ፦ አንዱን መቅረጽ፣ ከብዙ መምረጥ

ቦንሳይ፣ ማለትም በማሰሮ ውስጥ እየተገረዘ አንሶ የሚያድግ ዛፍ፣ ማሳደግና ኮይ የተባለውን ባለቀለም ዓሣ ማርባት ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ። የሁለቱም ስም ከጃፓን ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁለቱም ዓመታት ይፈጃሉ፤ በአንድ ጊቢ ውስጥም ጎን ለጎን ይታያሉ። ስለዚህ «የትዕግሥት ጥበባት» ተብለው በአንድ ላይ ይታለፋሉ። እኔ ደሴ ላይ ወይራና ጽድ በሳህን መሰል ማሰሮ አሳድጋለሁ፤ ኮምቦልቻ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በሲሚንቶ ገንዳ ኮይ ይዟል። የሁለታችንን ሥራ ለረጅም ጊዜ ሳስተያይ ከቆየሁ በኋላ ግን፣ ትዕግሥቱ ከሚያመሳስላቸው ይልቅ የእጁ ሥራ የሚለያቸው ይበልጣል ወደሚል ሐሳብ ደርሻለሁ። ቦንሳይ ሠሪ አንድን ዛፍ ይዞ ያንኑ ዛፍ ይቀርጻል። ኮይ አርቢ ግን ዓሣውን መቅረጽ ስለማይችል ከብዙዎች መካከል ይመርጣል፤ ከመረጠ በኋላም እጁ የሚደርሰው ውሃው ላይ ብቻ ነው።

ቦንሳይ የተለየ ድንክ ዝርያ አይደለም። መሬት ላይ ቢተከል እንደ ማንኛውም ዛፍ የሚያድግ ወይራ፣ ጽድ ወይም ሾላ ነው፤ በማሰሮ ውስጥ የሚያንሰው ሥሩና ቅርንጫፉ በየጊዜው ስለሚገረዝ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት በሽቦ የተጠመጠመውን ወይራ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ዛፍ ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምታስረው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሴም ይኸው ነው፦ «እማማ፣ የተሠቃየ ዛፍ ቅጠሉን ያረግፋል እንጂ እንዲህ አያቆጠቁጥም።» ወፍራሙ ሥር ሲቆረጥ ከቁስሉ ዙሪያ ቀጫጭን ሥሮች ይወጣሉ፤ ውሃና ምግብ የሚስቡትም እነዚሁ ናቸው። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ የማሰሮ ዛፍ ዱር ካለው ወንድሙ እኩል ዕድሜ ሊኖር ይችላል።

ለዚህ ሥራ ከአገራችን ዛፎች ሁሉ ወይራን አስቀድማለሁ። ከብትና ፍየል ዓመት ከዓመት የሚግጡት ወይራ ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ግንዱ ይወፍራል፣ ይጠማዘዛል፤ ሰው በመቀስ የሚደክምበትን ሥራ ፍየል በጥርሷ ሠርታዋለች ማለት ነው። (እንዲህ ያለውን ከተራራ ወይም ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ቅጥር መንቀል ግን አልደግፍም፤ ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ፍል ጊዜ ቢወስድም ያደርሳል።) ወይራ ከአሮጌ ግንድ ሳይቀር ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ያለ ቦታው የተቆረጠ ቅርንጫፍ እንኳ በሌላ ይተካል። ጽድ እንዲህ አይምርም፤ አረንጓዴው ሁሉ ከተወገደበት ቅርንጫፍ እንደገና ማቆጥቆጡ የማይታሰብ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት ልምላሜ መተው ግዴታ ነው።

ቅርንጫፍ የሚታጠፈው በመዳብ ወይም በአሉሚኒየም ሽቦ ነው። የመዳብ ሽቦ በእሳት ግሎ ሲቀዘቅዝ ይለሰልሳል። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ሆኖ ገደድ ብሎ ይጠመጠማል፤ ከዚያም ቅርንጫፉ በሁለት አውራ ጣት ተደግፎ ቀስ እየተባለ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ ጣት የሚሰማው ነገር አለ፦ እንጨቱ እሺ እያለ ይመጣና በድንገት ይጠጥራል፤ እዚያ ላይ መቆም ያስፈልጋል። በክረምት ወይራ ፈጥኖ ስለሚወፍር ሽቦው ልጡን መንከስ ሲጀምር ወዲያው ተቆርጦ ይወጣል፤ ጠባሳው ለዓመታት አይጠፋምና።

የኮይ ታሪክ የተጀመረው በጃፓን ኒጋታ ግዛት ተራራማ መንደሮች ነው። ገበሬዎች በረዶ ለሚዘጋባቸው ወራት ምግብ እንዲሆናቸው ካርፕ የተባለውን ዓሣ ያረቡ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከእነዚህ መካከል ቀለም ያላቸው ብቅ ሲሉ ለይተው ማዳቀል ጀመሩ። በ1914 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ በተካሄደ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርቡም አገሩ በሙሉ አወቃቸው። በዘራቸው እዚሁ ወሎ ካለው ከሎጎ ሐይቅ ለሚወጣው ካርፕ የቅርብ ዘመድ ናቸው። አንዲት ሴት ዓሣ በአንድ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ አርቢው በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግሞ እየለየ ጥቂቶቹን ብቻ ያስቀራል። ሾዋ የሚባለው፣ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለም ያለው ዓይነት ገና ሲፈለፈል መጥቆሩ ስለሚታወቅ፣ ምርጫው የሚጀምረው በቀናት ውስጥ ነው። ኮሃኩ የሚባለው ደግሞ ቀዩ በነጩ ላይ ጠርዙ ጥርት ብሎ ማረፍ አለበት። ያልተመረጡት የሚወገዱ መሆናቸው እኔን ይከብደኛል፤ በወይራ ላይ የምቆርጠው ቅርንጫፍ ነው፣ እዚያ የሚቆረጠው ሙሉ ነፍስ ነው። ስለዚህም ያደገ ኮይ የሚገዛ ሰው ጥበቡን የሚረከበው ከተጠናቀቀ በኋላ ነው እላለሁ፤ እሱ ጠባቂ እንጂ ሠሪ አይደለም። ይህን ለማሳነስ አልተናገርኩም፤ ጠባቂነቱ ራሱ እጅግ ከባድ ነውና።

ክብደቱ ከውሃው ይመጣል። ዓሣው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ባክቴሪያዎች ይህን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መርዝ ስለሆኑ፣ በማጣሪያው ውስጥ ባክቴሪያው እስኪራባ ለሳምንታት ዓሣ ሳያበዙ መጠበቅ ግድ ነው። የአጎቴ ልጅ ማጣሪያ በርሜል ውስጥ የተሞላ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። እኔም ይህንኑ ጠጠር አድቅቄና ነፍቼ ከማሰሮዬ አፈር ጋር እቀላቅላለሁ። እሱ ዘንድ ለባክቴሪያ መኖሪያ ይሆናል፣ እኔ ዘንድ ውሃ አሳልፎ ለሥር አየር ይሰጣል። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እስኪተን ሳይከደን አንድ ሁለት ቀን ካልቆየ ወደ ገንዳው አይገባም።

ሌላው ነገር ኦክስጅን ነው፤ እዚህ ላይ የቦታው ከፍታ ይፈርዳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደሴ የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ያው ውሃ ከ7 ያነሰ ይይዛል፤ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ በምትለው ኮምቦልቻ ከ7 ጥቂት ያልፋል። አልጌ በሌሊት ኦክስጅን ስለሚወስድ የሚብሰው ንጋት ላይ ነው። የአየር ፓምፑ መብራት ጠፍቶ ባደረበት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ገንዳው አጠገብ የቆመ ሰው፣ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ወለል በላይ አውጥተው፣ ስንጥባቸው በፍጥነት እየተከፈተና እየተዘጋ አየር ሲጎርሱ ያያል። እንዲህ ያለ ሌሊት ዓመታት የተደከመበትን ሁሉ ሊወስድ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኒጋታን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ገንዳዎችን ሰንጥቆ እጅግ ብዙ ኮይ ገድሏል። በአንጻሩ ከ1625 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ አንድ የፓይን ዛፍ ቦንሳይ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው ቦምብ ተርፎ፣ በ1976 ለአሜሪካ ተሰጥቶ ዛሬም ዋሽንግተን ውስጥ አለ። ዛፉ ሕይወቱን ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ዓሣው ግን ከውሃው ጋር አንድ አካል ነው።

ስለዚህ ደሴ ላይ የሚኖርና የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር በወይራ እንዲጀምር እመክረዋለሁ። ጊቢያችን ተዳፋትና ጠባብ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜም ዓሣን ምግብ እንዳይፈጭ ያደርገዋል፤ ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ መመገብ መቆም አለበት። ኮምቦልቻ ለኮይ የተሻለች ናት፤ ገንዳው ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ ጥልቀት ይኑረው፣ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ ፓምፕም ዓሣው ከመገዛቱ በፊት ይዘጋጅ። የወይራውን ሥር መግረዝ ለሚፈልግ ደግሞ ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ክረምቱ ይደርስለታል።