ሳልቬጅ

ኢንሹራንስ ቤት ለምንሠራ ሰዎች ሳልቬጅ ማለት በአጭሩ የተጨፈለቀ መኪና ነው። ካሳው ለደንበኛው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ቅሪቱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ጨረታ ይጠብቃል። ተጫራቾቹ ደግሞ ዓይናቸው የዋዛ አይደለም። ፊቱ ድምጥማጡ የጠፋ ሚኒባስ ሥር በጀርባቸው ገብተው በባትሪ ካምቢዮውን ያያሉ፤ ሻንሲው ተጣሞ እንደሆነ በእጃቸው ይዳብሳሉ። "ሞተሩ ብቻ ዋጋውን ያወጣል" ይባባላሉ።

ሰሞኑን የባሕር ጭነት ውል ሳነብ ቃሉ ከየት እንደመጣ ማየት አማረኝ። "ማዳን" ከሚል የላቲን ግስ ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባ ነው። በ1640ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዞቹ ሲጠቀሙበት ግን መጠሪያነቱ ለዳነው ዕቃ አልነበረም፤ አደጋ ላይ የወደቀ መርከብ ላተረፈ ሰው ለሚከፈለው ወሮታ ነበር። ቅሪቱ ራሱ ሳልቬጅ የተባለው ቆይቶ ነው። ስሙ ከገንዘቡ ወደ ብረቱ መተላለፉ ለእኛ ሙያ ሳይስማማ አይቀርም።

የባሕር ሰዎች ዛሬም በጥንቱ ደንብ ይሠራሉ፦ ካላተረፍክ ክፍያ የለም። ሎይድስ የተባለው የለንደን ኢንሹራንስ ገበያ የታወቀው የውል ቅጽ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ወሮታው ሲተመን የአደጋው ክብደት፣ የአዳኙ ሙያና ድካም፣ የተረፈው ንብረት ዋጋ ይታያል፤ ከተረፈው ንብረት ዋጋ ግን ሊበልጥ አይችልም።

ሰውስ? እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። ነሐሴ 2016 ሶኒዮን የተባለችው የግሪክ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በሁቲዎች ስትመታ፣ መርከበኞቿን የፈረንሳይ የጦር መርከብ አንስቶ ጅቡቲ አደረሳቸው። 150,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ የያዘችው መርከብ ብቻዋን እየነደደች ቀረች፤ ጎታቾች ከቦታው ያራቋት በመስከረም ነው። እንግዲህ በ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የሳልቬጅ ስምምነት ነዳጅ ያተረፈ ወሮታ ይጠይቃል፤ ነፍሱ የተረፈለት ሰው ግን ምንም አይጠየቅም።

መጀመሪያ ሳነበው ለበርሜል ዋጋ አውጥተው ሰውን የረሱት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ሐረግ አለ፦ በዚያው አደጋ ሰው ያዳነ፣ ንብረት ያተረፈው ከሚያገኘው ላይ ተገቢ ድርሻ ይሰጠዋል። ሒሳቡ በጭነቱ ላይ ይወድቃል እንጂ ከባሕር በወጣው ሰው ላይ አይደለም። ንብረት ካልተረፈ ድርሻ የሚሰጥበት ምንጭ እንደሌለ አልጠፋኝም፤ ቢሆንም ውሃ ጠጥቶ የወጣን ሰው ሒሳብ ክፈል ከማለት ይህኛው ይሻለኛል።