ሪከቨሪንን በላፕቶፕ እያገላበጥኩ ሳየው

ለሴሚናር ሪከቨሪን ደረሰኝ። ሬቲና (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ንብርብር) ላይ፣ በተለይ በደብዛዛ ብርሃን በሚያዩልን ሮድ ሴሎች ውስጥ የሚገኝ፣ ክብደቱ 23 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ደሴ ቁጭ ብዬ የፕሮቲን ቅርጽ የሚለካበትን የኤንኤምአር ማሽን ከየት አመጣለሁ? ደግነቱ ቅርጹን የሠሩት ሰዎች ፕሮቲን ዳታ ባንክ የሚባል የፕሮቲን ቅርጾች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስቀምጠውታል። ፋይሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ የሞባይል ዳታ አይበሉም። ፓይሞል የሚባል የፕሮቲን ቅርጽ ማሳያ ፕሮግራም ጫንኩና ሁለት አወረድኩ፦ ካልሲየም የሌለበትን 1አይኬዩ (1IKU) እና ካልሲየም የያዘውን 1ጄኤስኤ (1JSA)።

መጀመሪያ የፈለግኩት ስቡን ነው። ፕሮቲኑ ጫፍ ላይ፣ ግላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ላይ፣ ማይሪስቶይል የሚባል 14 ካርቦን ያለው የስብ ጅራት ተለጥፏል። ቢጫ ቀባሁት። ካልሲየም በሌለበት ፋይል ላይ ጅራቱ ውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች መሃል ገብቶ ተሸጉጧል፣ ልክ እንደ ተዘጋ ሰንጢ። ካልሲየም ሲኖር ግን ውጭ ነው። ፋይሉ ውስጥ የዚያው ፕሮቲን ብዙ አማራጭ ቅርጾች (ሞዴሎች) አሉ፤ ፓይሞል በነባሪ አንዱን ሞዴል ብቻ ስለሚያሳይ ሁሉንም ባንድ ላይ አብሩት፤ ጅራቱ በየሞዴሉ ሌላ ቦታ ነው፣ ማረፊያ የለውም።

ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ሁለቱን ቅርጾች ሙሉ ለሙሉ ካነባበራችኋቸው ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ የተንቀሳቀሰ ይመስላል፣ ምንም አይገባችሁም። የኋለኛውን ግማሽ ብቻ አነባብሩ። ያኔ የፊተኛው ግማሽ ግላይሲን 42 (42ኛው አሚኖ አሲድ) ላይ 45 ዲግሪ ያህል ዞሮ ታዩታላችሁ። ስቡን የሚያስወጣው ይሄ መዞር ነው።

ሪከቨሪን ካልሲየም የሚይዙ የሚመስሉ አራት ቦታዎች (ኢኤፍ ሃንድ የሚባሉት) አሉት፣ የሚሠሩት ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ብቻ ናቸው። ቡና ላይ ይህን ለጓደኛዬ ሳስረዳ «እና ስቡ ፕሮቲኑን ሜምብሬን (የሴል ሽፋን) ላይ የሚያስር መልህቅ ነው በቃ?» አለኝ። አይደለም! እኔን የገረመኝም እሱ ነው። ስቡ ከነጭራሹ ከፕሮቲኑ ሲወገድ ፕሮቲኑ ካልሲየምን በጣም አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ሁለቱ ቦታዎች ለየብቻ ነው የሚሠሩት። ስቡ ሲኖር መያዙ ይላላና ሁለቱ ካልሲየሞች ተጋግዘው ይገባሉ። ማለትም ካልሲየም ስቡን ያስወጣል፣ ስቡም በተራው ካልሲየም መቼ እንደሚገባ ይወስናል። «አብሽር፣ አሁን ገባኝ» አለኝ፤ እኔ እንኳ በአንዴ አልገባኝም ነበር።

ይሄ ሁሉ ለምን? በጨለማ ሮድ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ያለ ነው። ሪከቨሪን ስቡን አውጥቶ ሜምብሬን ላይ ይጣበቃል፣ ሮዶፕሲን ካይኔዝንም (ብርሃን የሚቀበለውን ፕሮቲን፣ ሮዶፕሲንን፣ ለማጥፋት የሚሠራውን ኢንዛይም) ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ብርሃን ሲመጣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ስቡ ይገባል፣ ካይኔዙ ይለቀቃል፣ ሮዶፕሲንን ወደ ማጥፋት ይሄዳል።

ለምትሞክሩ አንድ ነገር፦ ካልሲየሞቹን በትልልቅ ኳስ አሳዩአቸው፣ አለበለዚያ ሪባኑ (ፓይሞል ፕሮቲኑን የሚስልበት ጥብጣብ) ውስጥ ይጠፋሉ። ሪከቨሪን ከካይኔዙ ቁራጭ ጋር ሆኖ የተሠራ ቅርጽም እዚያው አለ፣ 2አይ94 (2I94) ብላችሁ አውርዱት። ካይኔዙ የሚገባበት ጉድጓድ ካልሲየም ሲገባ የሚገለጠው ነው፣ ከ1ጄኤስኤ ጋር ጎን ለጎን ክፈቱት።