የቆጠራ ሰዓት

የአባቴን መርዶ የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። በስደት ዘጠነኛ ዓመቴን ይዤ፣ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየደረደርሁ፣ ቀን ታክሲ እየነዳሁ እኖር ስለነበር፣ ወንድሜ ሲነግረኝ ስልኩን ዘግቼ ፈረቃዬን ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጥቂት ፋታ ባገኘሁ ቁጥር ሬዲዮ እከፍት ነበር፤ ዝም ካልሁ ምን እንደሚመጣብኝ አውቀው ነበርና።

ለሙት ዓመቱ ጎጃም ገባሁ። አጎቴ በቅኔ ትምህርቱ በታወቀው በዋሸራ ተምረው የተመረቁ የቅኔ መምህር ናቸው። በቅኔ ቤት መምህሩ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩን ከፈቱ በኋላ፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ለብቻው ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል፤ ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው። ጀማሪው ጉባኤ ቃና የሚባለውን የቅኔ ዓይነት 2 ቤት (ስንኝ)፣ የበሰለው መወድስ የሚባለውን 8 ቤት፣ ያለ ቀለምና ያለ ብራና በልቡ ያወጣል ያወርዳል፤ ሰሙንና ወርቁን አስማምቶም ለመምህሩ ይነግራል። በዚያ ሰዓት ተማሪውን ሥራ ፈት የሚለው የለም። ብቻውን መቀመጡ ራሱ ትምህርቱ ነውና፤ እኔ ግን በልጅነቴ ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ ረስቼው ኖሬአለሁ።

«ልጄ፣ ከመጣህ ጀምሮ ስታወራ እንጂ ስትቀመጥ አላየሁህም» አሉኝ አጎቴ። «ነገ ከልጆቹ ጋር ቆጠራ ውጣ።»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ግእዙን ረስቼዋለሁ» ብላቸው፣ «ግእዝ አላልሁህም» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ።

በማግስቱ ስልኬን እቤት ትቼ ከአንድ ዋንዛ ሥር ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ መጣ፤ ቀጥሎ አባቴ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሲሸኘኝ፣ አውቶቡሱ እስኪዞር ድረስ ቆቡን አውልቆ እንደቆመ መጣ። በዓመቱ ያን ቀን አለቀስሁት። ማታ ተማሪዎቹ ቅኔያቸውን ሲነግሩ እኔ የምነግረው አልነበረኝም፤ አጎቴም አልጠየቁኝም።

ከተመለስሁ በኋላ ከሳምንቱ አንዱን ሌሊት ከሥራ ቀነስሁ። ገቢዬ ጎድሏል፤ ለቤት የምልከውም አንሷል፤ ይህ ቀላል እንዳልሆነ ስደተኛ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እሑድ ጠዋት ከወንዙ ዳር ለብቻዬ የምቀመጥበትን አንድ ሰዓት ለማንም አልሰጥም። ያን ጊዜ ሰው ቢደውልልኝ ስልኩን የምታነሣው ልጄ ናት፤ «አባባ ቆጠራ ወጥቷል» ትላለች።