ስኳድራ የገባ ማዕዘን

የዛሬ ዓመት በየካቲት ወር በግቢያችን ጥግ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ስናሠራ፣ ግንበኛው የመጀመሪያውን ማዕዘን ሲይዙ አጠገባቸው ቆሜ እመለከት ነበር። ችካሎቹን ተክለው ሲባጎውን በሁለት አቅጣጫ ከወጠሩ በኋላ፣ ከማዕዘኑ ተነሥተው በአንደኛው ሲባጎ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላኛው ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ለክተው በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ፤ ቀጥሎም ሜትራቸውን ከምልክት እስከ ምልክት ዘርግተው ጎንበስ ብለው አነበቡ። 98 ሴንቲ ሜትር ነበር። «አልገባም፣ መምህር» አሉኝና የአንደኛውን ሲባጎ ችካል ነቅለው ጥቂት ወደ ውጭ በማራቅ መልሰው ተከሉት። እንደገና ለክተው ልክ 1 ሜትር ሲሆን ግን «አሁን ስኳድራ ገባ» ብለው ወደሚቀጥለው ማዕዘን አለፉ፤ ማዕዘኑ ቀጤ፣ ማለትም ልክ 90 ዲግሪ ሆነ ማለታቸው ነው።

ሒሳብ አስተማሪ እንደ መሆኔ የፓይታጎረስን ቲዎረም ለብዙ ዓመታት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ያን ቀን ልብ ያልኩትን ነገር ግን ለተማሪዎቼ በሚገባ ለይቼ አስተምሬው አላውቅም ነበር፤ ግንበኛው «አልገባም» ሲሉ የተደገፉበት እውነትና «ገባ» ሲሉ የተደገፉበት እውነት አንድ አይደሉም። ሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል።

ቲዎረሙ የሚለው፣ አንድ ጎነ ሦስት ቀጤ ማዕዘን ካለው፣ የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ስኩዌር ድምር ከረጅሙ ጎን ስኩዌር ጋር እኩል ይሆናል ነው። በእኛ ልኬት 60 በ60 ሲባዛ 3,600፣ 80 በ80 ሲባዛ 6,400፣ ድምሩም 10,000 ስለሆነ፣ ማዕዘኑ ቀጤ ከሆነ ሦስተኛው ርቀት 100 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ግድ ነው። እንግዲህ ሜትሩ 98 ካለ ማዕዘኑ ቀጤ ሊሆን አይችልም፤ ቀጤ ቢሆን ኖሮ 100 ይል ነበርና። ተማሪዎች ይህን አካሄድ ኮንትራፖዚቲቭ በሚል ስም ያውቁታል፤ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው እውነት ከሆነ፣ «ያ ካልሆነ ይህም አይደለም» የሚለው ምንም ተጨማሪ ማረጋገጫ ሳያስፈልገው እውነት ነው። አነጋገራቸው ይለያይ እንጂ የሚሉት ነገር አንድ ነው። የ2 ሴንቲ ሜትሯን ጉድለት ማንም ሰው ቀላል አድርጎ እንዳያያት፤ ማዕዘኑን ወደ 87.6 ዲግሪ ታወርደዋለች፣ በዚያ ማዕዘን የተነሣ የ4 ሜትር ግድግዳም ጫፉ ላይ ሲደርስ ከትክክለኛው መስመር 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ሜትሩ 100 ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። ርቀቱ 100 ስለሆነ ማዕዘኑ ቀጤ ነው ለማለት የሚያስፈልገን ዐረፍተ ነገር የቲዎረሙ ተገላቢጦሽ፣ ማለትም ኮንቨርሱ ነው፤ የጎኖቹ ስኩዌር እንዲህ ከተደማመረ ማዕዘኑ ቀጤ ነው የሚለው። ይህ ከቲዎረሙ ብቻ በቀጥታ አይወጣም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ዩክሊድም ለይቶ አስቀምጦታል፤ ኤለመንትስ በተባለው የጂኦሜትሪ ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት 48 ሐሳቦች 47ኛው የምናውቀው ቲዎረም ሲሆን፣ መዝጊያው 48ኛው ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። የኛ ግንበኛ ማዕዘኑን የተቀበሉት በ48ኛው፣ የጣሉት በ47ኛው ነበር ማለት ነው።

የ48ኛው ማረጋገጫ አጭርና እጅግ ውብ ስለሆነ እዚህ ላሰፍረው እወዳለሁ። ጎኖቹ 60፣ 80 እና 100 የሆኑ ጎነ ሦስት ተሰጥቶናል እንበል፤ ማዕዘኑ ቀጤ መሆኑን ገና አናውቅም። በጎኑ ሌላ አዲስ ጎነ ሦስት እንሥራ፤ ይህኛውን ሆን ብለን ቀጤ ማዕዘን አድርገን፣ ማዕዘኑን የሚያቅፉትን ሁለት ጎኖች 60 እና 80 እናድርጋቸው። አዲሱ በእርግጥ ቀጤ ስለሆነ 47ኛው ይሠራበታል፤ ስለዚህ ሦስተኛ ጎኑ 100 ነው። አሁን ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ሦስቱም ጎኖቻቸው እኩል ናቸው፤ ሦስት ጎኖቻቸው እኩል የሆኑ ጎነ ሦስቶች ደግሞ ማዕዘኖቻቸውም እኩል ስለሆኑ፣ የመጀመሪያው ማዕዘንም ቀጤ ነው። ቲዎረሙ ለተገላቢጦሹ ማረጋገጫ እንደ መሣሪያ አገለገለ፤ ይሁን እንጂ ሥራው እስኪሠራ ድረስ ተገላቢጦሹ በእጃችን አልነበረም።

ለዚህ ልዩነት ጆሯችን የሚደነቁረው በዕለት ተዕለት ንግግራችን ምክንያት ይመስለኛል። አንድ አባት ለልጁ «ፈተናውን ካለፍሽ ጫማ እገዛልሻለሁ» ሲላት፣ ልጅቱ ካላለፈች ጫማ እንደማይገዛላት ጭምር ትሰማለች፤ አባትየውም ይህንኑ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ቃሉን ብቻ ከያዝን ግን ስላለማለፍ የተናገረው ነገር የለም። ወድቃም ቢገዛላት ቃሉን አጠፈ አይባልም፤ የሚያጥፈው አልፋ ሳይገዛላት ሲቀር ብቻ ነው። ያንን ሌላውን መከልከል ቢፈልግ «የምገዛልሽ ካለፍሽ ብቻ ነው» ይላታል፤ በአማርኛ «ብቻ» የምትለዋ ቃል የምትሠራው ሥራ ይህን ያህል ትልቅ ነው። ሁለቱንም አቅጣጫ አንድ ላይ ማሰር ስንፈልግ «ከሆነና ከሆነ ብቻ» የምንለውም ለዚህ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብን በእንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን ይህን በራሳቸው ቋንቋ አንድ ጊዜ ቢሰሙት፣ የባዕዱ ቃል ሸክም በግማሽ እንደሚቀልላቸው ደጋግሜ አይቻለሁ።

የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። በግቢያችን የምትሠራው ክፍል ካለቀች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የፈተና ወረቀቷን ይዛ መጣች። እውነት ወይም ሐሰት ከሚሉት ጥያቄዎች አንዱ «ሰያፎቹ እኩል የሆኑ ጎነ አራት ሁሉ ሬክታንግል ነው» የሚል ሲሆን (ሰያፍ ማለት ከአንድ ማዕዘን ፊት ለፊቱ ወዳለው ማዕዘን የሚሰመር መስመር ነው)፣ እርሷ እውነት ብላ ኤክስ ገብቶባታል። «ጋሼ፣ የሬክታንግል ሰያፎች እኩል አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። እኩል ናቸው፤ የተጠየቀችው ግን ስለ ተገላቢጦሹ ነበር። ቀጥላ ያለችው ደግሞ በእውነት አሳሰበኝ፤ «ግንበኛውስ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ሰያፎች ለክተው፣ ሁለቱም 5 ሜትር ሲሆኑ አይደል ልክ ነው ያሉት?»

ወረቀት አምጥተን ባለ 6 ሴንቲ ሜትር አግድም መስመር አሠመርኳት። ከግራው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጥታ ነጥብ አስቀመጠች፤ ከቀኙ ጫፍም እንዲሁ አደረገች። አራቱ ነጥቦች ሲገናኙ ታችኛው ጎኑ 6፣ ላይኛው 2 የሆነ ትራፒዝየም ወጣ። ሰያፎቹን በማስመሪያ ስትለካ ሁለቱም 5 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። ልኬት ሊያሳስት ስለሚችል በቲዎረሙም አረጋገጥነው፤ እያንዳንዱ ሰያፍ 4 ወደ ጎን፣ 3 ወደ ላይ ስለሚሄድ 16 እና 9 ተደምረው 25፣ ርዝመቱም 5 ነው። ሰያፎቹ ፍጹም እኩል ናቸው፤ ቅርጹ ግን አንድም ቀጤ ማዕዘን የለውም። «ሁሉ» የሚል ዐረፍተ ነገርን ለማፍረስ አንድ እንዲህ ያለ ምሳሌ ይበቃል፤ «ሁሉ»ን ለማጽናት ግን ሺህ ሬክታንግል ለክቶ መደርደር አይበቃም።

ግንበኛው አልተሳሳቱም። ሰያፉን ከመለካታቸው በፊት ፊት ለፊት የሚተያዩት ሲባጎዎች 3 እና 3፣ 4 እና 4 መሆናቸውን ለክተው ነበር። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ አራት ፓራሌሎግራም፣ ማለትም ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ቅርጽ ነው፤ ሰያፎቹ እኩል የሆኑ ፓራሌሎግራም ደግሞ ሬክታንግል ነው። የእህቴ ልጅ የመጨረሻውን ልኬት አይታ የመጀመሪያዎቹን ረሳቻቸው። በጂኦሜትሪ ውስጥ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ ቅድመ ሁኔታው ገና ከመነሻው ስለተሟላ ከዓይን ይሰወራል፣ መደምደሚያው ብቻ ይቀራል።

ማረጋገጫውን ራሷ እንድትጽፈው፣ ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብም «በምን ምክንያት?» ለሚለው መልስ እንድታስቀምጥ ነገርኳት። ማዕዘኖቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ሰየመች። ሀለሐ እና መሐለ የሚባሉትን ጎነ ሦስቶች ወሰደች፤ ሀለ ከመሐ ጋር እኩል ነው፣ የፓራሌሎግራም ተቃራኒ ጎኖች ናቸውና፤ ለሐ የጋራ ጎናቸው ነው፤ ሀሐ ከመለ ጋር እኩል ነው፣ ተሰጥቷልና። ሦስቱም ጎኖች እኩል ስለሆኑ የለ ማዕዘንና የሐ ማዕዘን እኩል ናቸው። ቀጥላ «የሁለቱ ድምር 180 ነው» ብላ ጻፈችና ምክንያቱ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ጥቂት ቆይታ «ሀለ እና መሐ ትይዩ ስለሆኑ» ብላ ሞላችው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ 90 ዲግሪ መሆኑን ማውጣት አላስቸገራትም።

የቆመችበት ቦታ ዩክሊድም በጥንቃቄ የተራመደበት ነው። በ27ኛው ሐሳብ ላይ፣ ሁለት መስመሮችን የሚያቋርጥ ሦስተኛ መስመር የሚፈጥራቸው ተለዋጭ የውስጥ ማዕዘኖች እኩል ከሆኑ መስመሮቹ ትይዩ ናቸው ይላል፤ ለዚህ አምስተኛውን ፖስቹሌት፣ ስለ ትይዩ መስመሮች ያለ ማረጋገጫ የተቀበለውን መነሻ ሐሳብ፣ አልተጠቀመበትም። ተገላቢጦሹን፣ ማለትም መስመሮቹ ትይዩ ከሆኑ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው የሚለውን፣ በ29ኛው ሲያረጋግጥ ግን ያን ፖስቹሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ይጠራዋል። የውስጥ ማዕዘኖቹ ድምር 180 ነው የሚለው የእህቴ ልጅ መስመርም የሚገኘው እዚያው 29ኛው ውስጥ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሒሳብ ሊቃውንቱ ሎባቼቭስኪ በ1829፣ ቦያይ በ1832 እ.ኤ.አ. አምስተኛው ፖስቹሌት የማይሠራበትን ጂኦሜትሪ ለዓለም ሲያቀርቡ፣ በዚያ ጂኦሜትሪ 27ኛው እንዳለ ጸንቶ ይቆማል፣ 29ኛው ግን ይወድቃል። አንድ ዐረፍተ ነገርና ተገላቢጦሹ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ለእርሷ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ ጊዜው ገና ነው። ማረጋገጫዋን ከጨረሰች በኋላ ግን ወረቀቱን ገልብጣ «አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ አራት፣ ማለትም የሮምበስ፣ ሰያፎች በቀጤ ማዕዘን ይቋረጣሉ ተብለናል፤ ታዲያ ሰያፎቹ በቀጤ ማዕዘን ከተቋረጡ ሮምበስ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አንድ የቁም መስመርና አንድ የአግድም መስመር አቋርጣ አሠመረች፤ አግድሙን በመሐሉ፣ የቁሙን ግን ከአናቱ ቀረብ አድርጋ አቋረጠችው። አራቱን ጫፎች ስታገናኝ የወጣው ቅርጽ ካይት ነበር፤ ላይኞቹ ሁለት ጎኖች አጫጭር፣ ታችኞቹ ረጃጅም። ሥሩ ላይ «ሐሰት» ብላ ጻፈችበት።