የትኛው 2010?

አባታችን ካረፈ በኋላ ኮምቦልቻ ያለውን ቤት ለመካፈል ተቀመጥን። ካርታው በአባቴ ስም ነው። ግን ግድግዳው እስኪቆም፣ ቆርቆሮው እስኪመታ ስትልክ የኖረችው ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ሽማግሌዎቹ "ማን ስንት አወጣ?" አሉ። እሷ የላከችው በሪያል፣ እኛ ያወጣነው በብር። ሒሳቡ እኔ ላይ ወደቀ፤ ዲግሪ አለህ ተባልኩ። ዲግሪዬ በታሪክ ነው። ይህችን ያዙልኝ።

ደረሰኝ ማሰባሰቡ ቀላል ነበር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲቃረብ ከደሴ ስንወጣ እናቴ ብርድ ልብሱን ትታ የኒዶ ጣሳዋን ታቅፋ ነበር። ያን ቀን ተቆጥቻታለሁ። ከጅዳ የመጣው ወረቀት ሁሉ እዚያ ጣሳ ውስጥ ነበር።

ሪያሉን ወደ ብር መመለሱም አይከብድም። ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 ታስሯል። የዕለቱን የዶላር ተመን ለ3.75 ማካፈል ነው። የሳንቲም ልዩነት ይኖራል፤ ቤተሰብ በሳንቲም አይጣላም። "መግዣ" የሚለውን ዓምድ ብቻ ተመልከቱ፤ ባንኩ ሪያሉን ከእናንተ ነው የሚገዛው።

የቀረኝ የድሮውን ተመን ማግኘት ነበር። የተዋረድኩት እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ውስጥ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሲስተም የለም። በሁለተኛው ቀን የአባቴን የሒሳብ መግለጫ ጠየቅኩ። "ባለሒሳቡ ራሳቸው ይምጡ" አለችኝ። አርፏል አልኳት። "እንግዲያው ደብዳቤ ይዘህ ና።" ከማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ቀጣዩን ጠራች። የባንክ ደብተሩ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ግን ደብተሩ ሲሞላ አዲስ ወስደን አሮጌውን ልጆች ተጫወቱበት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ሠራተኛ አዘነልኝ። "የዶላር ተመን ብቻ ከሆነ ልይልህ፤ የመቼ?" አለኝ። "የ2010፣ ጥቅምት" አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካካና ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። 16 ብር ከምናምን ሳንቲም። አመስግኜ ወጣሁ። ሻይ ልጋብዘው ሁሉ ነበር።

የእሱ 2010 የፈረንጅ ነው። የእህቴ 2010 የእኛ። በመሃላቸው ሰባት ዓመት አለ። ይባስ ብሎ ሁለቱም 2010 ብር የወረደባቸው ናቸው። በፈረንጁ 2010፣ በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 2002፣ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ገደማ ዘለለ። በእኛው 2010 ደግሞ፣ ጥቅምት 1 ቀን፣ ብር 15 በመቶ ወረደና ዶላር ከ23 ብር ከ40 ገደማ ወደ 27 ብር ተጠጋ። እኔ ላጣራ ብዬ ስልኬ ላይ "2010 የብር መውረድ" ብዬ ፈለግኩ። የፊተኛው ወጣልኝ፣ ቁጥሩም ከወረቀቴ ጋር ገጠመ። ልቤ ሞላ።

እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ እህቴ በኢሞ ስፒከር ላይ ሆና ማንበብ ጀመርኩ። "ጥቅምት 2010፣ 12 ሺህ ሪያል፣ 52 ሺህ ብር።" ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ እታለም" አልኩ።

"ቆርቆሮውን በስንት አስመታኸው?" አለችኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽሑፍ "ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ አናጺ፣ 84 ሺህ" ይላል። በዚያ ወር ከእሷ ሌላ ሰባራ ሳንቲም አልገባም።

"የቀረውን 32 ሺህ ማን ሰጠህ? ጦሳ ተራራ አፈሰሰልህ?"

አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቴን ገለባብጦ አየና "በደርግ ጊዜ ዶላር ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነበር፤ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም" አለ። መስከረም 1985 ወደ 5 ብር እስኪደርስ ድረስ እውነቱን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። እህቴ ዘጋችው። 11 ቀን ስልክ አላነሳችልኝም። የበላኋት ነው የመሰላት፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይመስለኛል።

ያን ሌሊት ጣሳውን ዘረገፍኩት። የጅዳው ደረሰኝ ጥግ ላይ 2017 ይላል፣ አጠገቡ ደግሞ የሂጅራው 1439። ስንት ጊዜ አይቼው አላየሁትም! 27 ብር ገደማው ለ3.75 ሲካፈል ሪያሉ 7 ብር ከ17 ገደማ ይመጣል። 12 ሺሁ ሪያል 86 ሺህ ብር ሆነ። የደብተሬን 84 ሺህ ሸፈነ።

ልጁ "የእኛ ነው የፈረንጅ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ዛሬም ያበሽቀኛል። ግን ታሪክ የተማርኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።

ሌላ የባንክ ሰው "ዓመታዊ አማካዩን ውሰድና ተገላገል" ብሎኝ ነበር። አትስሙ። መስከረም 2010 የላከና ጥቅምት 2010 የላከ አንድ አይደሉም። ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አስታውሱ፤ በአንድ ጠዋት ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 74ን አለፈ። በብሔራዊ ባንክ ሪፖርት ላይ 2009/10 የሚል ብታዩም የእኛ እንዳይመስላችሁ፤ የ2002 በጀት ዓመት ነው።

ከባንክ ውጭ፣ በባለሱቅ በኩል በሐዋላ ለመጣው ደግሞ ሁሉም "በባንክ ተመን አስላ" ይላል። እኔ አልስማማም። ባለሱቁ የቆጠረልን ብር ከባንኩ ይበልጥ ነበር፤ ቤቱም የቆመው በዚያ ብር ነው። ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን እንዳለ ወሰድኩ። ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት።

እህቴ ታርቃኛለች። ባለፈው ለእናቴ መድኃኒት መግዣ ስትልክ ከብሩ በፊት የድምፅ መልእክት ገባልኝ፦ "ዛሬ ኅዳር 3 ነው። የእናንተው ኅዳር።"